እኛ ስንሸሻሽ እነሱ ይቃቀፋሉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቀድሞ አየር ወለድ ነኝ። አሁን ደጀን ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በቀደም የልጅ ልጄ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰዎች ጃንጥላቸውን ከፍተው፣ አንዱ የሌላው ጃንጥላ ላይ ቆሞ፣ አምስት ስድስት ሆነው ተደራርበው ይወርዳሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኛ ስንሠለጥን «ሰው ላይ እንዳትወጣ፣ አየርህ ይሰረቃል» ነበር የምንባለው። ጃንጥላ ለጃንጥላ ከተቀራረብን ገመድ ስበን እንሸሻለን። እነዚህ ምን ቢያደርጉ ነው የማይከስምባቸው? ደግሞስ እንዴት ሳይወዛወዙ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ? ልጁ «ዓባይ በረሃ ላይ ቢሆን እንዴት ያምር ነበር» እያለ ያደርቀኛል። ለእሱም መልስ ስጥልኝ።
የደጀኑ ጡረተኛ

መልስ፦ ጋሼ፣ የተማሩት ልክ ነው። ለዚያ ጃንጥላ ዛሬም ልክ ነው። የተለወጠው ጃንጥላው ነው።

የእርስዎ ክብ ነበር። ክቡ አየር ያቁራል እንጂ አይበርም። ቁልቁል ስለሚወርድ የረበሸው አየር እዚያው አናቱ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ የመጣ ሰው ጃንጥላውን የሚነፋለት አየር ያጣል። ይጨማደድና ከታችኛው አልፎ ይወርዳል። ከዚያ ተራው የሌላኛው ነው። መሸሻችሁ ፍርሃት አልነበረም።

በቪዲዮው ያዩት አራት ማዕዘን ነው። ዶሚና ጃልበርት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ያመጣው ሐሳብ ነው። ጎን ለጎን የተሰፉ ኪሶች አሉት፤ ከፊት አፋቸው ክፍት፣ ከኋላ ዝግ። አየር በአፉ ሲገባ ይነፋና ክንፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል። እየሄደ ስለሆነ የረበሸውን አየር ከኋላውና ትንሽ ከፍ ብሎ ጥሎት ያልፋል። የላይኛው ሰው እግሩ የታችኛው ጃንጥላ ላይ ይሁን እንጂ የራሱ ጃንጥላ ከእሱ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ንጹሕ አየር ውስጥ ነው ያለው። አንድ ሰው ከኋላ ከፍ ብሎ ከመጣ ግን ያችው የድሮዋ ሌባ ትጠብቀዋለች። ለዚህ ነው ሁሉም ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚመጣው።

አሁን ወደ መወዛወዙ ልምጣ። ቀጥ ብለው የሚወርዱት ስለተያያዙ አይደለም። ከመያያዛቸው በፊት እኩል ስለሆኑ ነው። ይቺን ለመረዳት እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ክብደት ለስፋት እኩል መሆን አለበት። ሞጣ አያቴ ቤት በሬ ሲጠመድ እያየሁ ነው ያደግኩት። አንዱ ረጅም ሌላው ድንክ ከሆነ ቀንበሩ ይዘማል፤ ትልሙም ይጣመማል። ጃንጥላም እንደዚያው ነው። እኔ ከነመሣሪያዬ 190 ፓውንድ፣ በእኛ 86 ኪሎ ገደማ እመዝን ነበር። ጃንጥላዬ 143 ካሬ ጫማ፣ በእኛ 13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ፓውንዱን ለካሬ ጫማው ሲያካፍሉት 1.33 ይመጣል። አብረውኝ የሚዘሉትም ከዚህች ቁጥር ብዙ አይርቁም ነበር። ከባድ ሰው ትልቅ ጃንጥላ፣ ቀላል ሰው ትንሽ። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ልጅ ሰፊ ጃንጥላ ተውሶ መጣ። እኛ ስንወርድ እሱ ከላያችን ተንሳፍፎ ቀረ። እጁን እያውለበለበ ተሰናበተን።

ቀጥሎ አመጣጡ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ሰው መሪ ነው። ሥራው ቀጥ ብሎ መብረር ብቻ ነው። ታች የሚመጣውን እያየ ላግዘው ብሎ ከዞረ ክምሩ ጅራፍ ይሆናል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ያውቀዋል፤ እጀታው ስንዝር ሲንቀሳቀስ ጫፉ የት እንደሚደርስ። ስለዚህ መሪው ዝም ይላል። ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስልዎ። እኔ መሪ ስሆን እጄ ሁልጊዜ ይበላኛል።

የሚመጣው ሰው ከኋላ ተጠግቶ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ይስባል። የጃንጥላው አፍ መሐሉ የላይኛው ሰው ጭን ጋ ሲደርስ የቆመ ያህል መሆን አለበት። የላይኛው ጨርቁን በእጁ ይቀበላል። ከዚያ እግሮቹን በመሐለኞቹ የፊት ገመዶች መካከል ያስገባና ያጠላልፋል። ከፈለጉ ገመዱን ይዞ እየተንሸራተተ ወርዶ የታችኛው ሰው ትከሻ አጠገብ ይቆማል። ያኔ ጃንጥላዎቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ ከሩቅ ሲታይ ድርብ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ይመስላል።

ቸኩሎ የመጣ ሰው ጃንጥላው ሲቆም እሱ አይቆምም። እንደ ዥዋዥዌ ወደፊት ይወረወራል። ሲመለስ ጃንጥላው ይወላገድና የላይኛውን ሰው ይጠቀልለዋል።

ጠቅልዬ አውቃለሁ። ፍሎሪዳ ነው፤ ከተከፈተልን ገና ብዙ አልቆየንም። ሦስተኛ ሆኜ ልገባ ነው። ሁለተኛው በጣም ጎበዝ ስለነበር እሱ ፊት ማርፈድ አፈርኩ መሰለኝ ፍሬኑን ቀድሜ ለቀቅኩት። የማስታውሰው ጨርቄ ከወገቡ በታች ሲጠመጠም ነው። ፊቱ አይታየኝም፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። ከፍታችን ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። 1,500 ሜትር አልኩት። ሊያላቅቀው ሞከረ፤ እምቢ አለ። ከዚያ በእርጋታ፣ ሻይ እንደሚያዝ ሰው፣ እንድለቅ ነገረኝ። እጀታውን ሳብኩና ከዋናው ጃንጥላዬ ተለያየሁ። ወደቅሁ። ተጠባባቂውን ከፈትኩ። እሱ የራሱ ጃንጥላ ደህና ስለነበር የእኔን ጨርቅ እንደ ሕፃን ታቅፎ አረፈ። እንደ ልማዱ ማታ ቢራ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ምክንያት ነው ሁሉም ደረቱ ላይ ገመድ መቁረጫ ቢላ የሚይዘው። ስለቱ ወደ ውስጥ ነው፣ እንደ ማጭድ፤ ሰው እንዳይቆርጥ። ከመሬት 760 ሜትር ገደማ በታች ደግሞ አዲስ ሰው አይገባም። ቢበላሽ ለመላቀቂያ ጊዜ ያስፈልጋላ!

ለልጅዎ ልጅ ይህን ይንገሩልኝ። ባለፈው ዓመት ደጀን አፋፉ ላይ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ከቀኑ 7 ሰዓት። ጆፌ አሞራዎቹ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከገደሉ ሥር ተነሥተው ከእኔ በላይ ወጡ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ምን ያምራል! ግን አሞራ ሳያራግብ የሚወጣበት አየር ለተያያዘ ጃንጥላ መርዝ ነው። በረሃው በፀሐይ ሲግል ሞቃቱ አየር በየቦታው ይነሣል፤ አጠገቡ ቀዝቃዛው ይወርዳል። የመሪው ጃንጥላ ሲነሣ የአምስተኛው ይሰምጣል። መሐል ያለው ሰው እግሩን ይጠይቁት። አፋፉ ደግሞ ከድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ነፋሱ ጠርዙን ሲያልፍ ይንከባለላል። ይህ ሥራ የሚፈልገው የረጋ ጠዋት ነው፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሜዳ በላይ።

ሜዳውም ቢሆን የእኛ ደጋ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ጃንጥላ እዚህ በ12 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ ሲወርድም ሲሄድም። ፍሎሪዳ ቆሜ የማርፍበት እዚህ ሩጫ ነው። ለጉልበቴ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እስከ ስንት ሰው ይያያዛል? ለመማርስ ከየት ይጀመራል?
ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ፍሎሪዳ፣ ሌክ ዌልስ ላይ 100 ሰዎች በአንድ ትልቅ አልማዝ ቅርጽ ተያይዘዋል። እዚያ መሐል ያለ ሰው በአንድ እግሩ የአንዱን፣ በሌላው እግሩ የሌላውን ጃንጥላ ይይዛል።

ስትማሪ ብቻሽን መዝለልና የፈለግሽበት ቦታ ማረፍ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ ሁለት ሆናችሁ፣ አንቺና አንድ የለመደ ሰው። ወይፈን የሚለምደው ከዋናው በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። መጀመሪያ አንቺ መሪ ትሆኛለሽ፤ እሱ ይመጣብሻል፤ አንቺ ዝም ትያለሽ።

ገመዱ ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭኑ ገመድ ሥጋ ይቆርጣል። ሱሪሽ ረጅም፣ ካልሲሽ ወፍራም ይሁን። ናይሎን በቆዳ ላይ ሲሮጥ ያቃጥላል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ እንደ አምባር የዞረ ጠባሳ አለኝ። ያን ቀን ካልሲዬ አጭር ነበር።