ዝናብ ሳይቀድማችሁ ክደኑት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጸሎት ቤት ሥራ፣ ስለ አገልጋይ ቤተሰብና ስለ ወንጌል ተልእኮ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። መልሱን አንድ መጋቢና አንድ የግንባታ ባለሙያ አብረው አዘጋጅተውታል።

ጥያቄ፦ አጥቢያችን 180 ያህል ምእመናን አሏት፤ እስካሁን የምንሰበሰበው በሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቻችን 500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ዘንድሮ መሠረቱን እናውጣ፣ የቀረውን ጌታ ያውቃል ይላሉ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ፈራሁ፤ ፍርሃቴ እምነት ማጣት ይሆን? (ከሆሳዕና አካባቢ)

መልስ፦ አይደለም። ግንብ ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዳለበት፣ ሳያሰላ የጀመረ ግን መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ሲያቅተው መሳቂያ እንደሚሆን ጌታችን በሉቃስ 14፥28-30 ተናግሯል። የእኛም ምክር አንድ ነው፦ በአንድ በጋ ከመሠረት እስከ ቆርቆሮ የማታደርሱትን ቤት አትጀምሩ። ስታሰሉም ቃል የተገባውን ትታችሁ እጃችሁ የገባውን ብር ቁጠሩ።

ሳይከደን ክረምት የገባበት የብሎኬት ግድግዳ ከላይ ባለው ቀዳዳው ውኃ ይጠጣል፤ ማልታው፣ ማለትም ብሎኬቱን የሚያያይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ ይታጠባል፣ ወደ ላይ ተርፎ የቆመው ፌሮ ይዝጋል፣ የተገዛው እንጨት ይጣመማል። የሰው ልብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ለመሠረት ከጎኑ ቆርሶ የሰጠ ምእመን በሦስተኛው ዓመት ሣር የበቀለበትን ድንጋይ እያየ እንደገና እጁን መዘርጋት ይከብደዋል።

ለ180 ሰው 8 በ18 ሜትር ይበቃል። ከውስጥ 7.6 ሜትር ስፋት ይተርፋል። ለመተላለፊያ 1.2 ሜትር ቀንሱና ለአንድ ሰው 50 ሳ.ሜ. ስጡ፤ በግራ 6፣ በቀኝ 6 ሰው ይቀመጣል። በቁመት 2.5 ሜትር ለመድረክ፣ 1 ሜትር ከፊቱ ይለቀቅ። የቀረው 14 ሜትር በ85 ሳ.ሜ. ርቀት 16 ረድፍ አግዳሚ ያስገባል፤ 192 ሰው ማለት ነው። ግድግዳው 3.2 ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ 2 በሮችና 10 መስኮቶች ሲቀነሱ 145 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ካሬ 12.5 ብሎኬት ይወስዳል፤ ለሚሰበረው 5 በመቶ ሲጨመር 1,900 ብሎኬት ግዙ። ሁለቱም በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ። ሰው በድንጋጤ ሲጋፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ተገፍቶ አይከፈትም።

ቁጥራችሁ ሲጨምር ከመድረኩ ትይዩ ባለው ጫፍ ትቀጥላላችሁ፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ቦታ ተዉ፣ ከግድግዳው በላይ ያለውን ሦስት ማዕዘንም በብሎኬት ሳይሆን በቆርቆሮ ዝጉት። እስከዚያው እሑድ ሁለት ጊዜ መሰብሰብ ይቻላል። ሽማግሌዎቹ ትንሽ አዳራሽ ተልእኮአችንን ያጠበዋል ብለው ሰግተው ከሆነ ይህን ያስታውሷቸው፦ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ዳግም በይፋ ስትሰበሰብ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት አዳራሽ አልነበራቸውም፤ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር።

አሁን ወደ አፈሩ። ቦታችሁ መረሬ ከሆነ፣ ማለትም በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ በክረምት አብጦ ግድግዳውን ያነሣል፤ በበጋ ሟሽሾ ይለቀዋል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርደው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቆፍሩ። 1.5 ሜትር ወርዳችሁም ካላገኛችሁት መሐንዲስ ሳያይ አንድ ድንጋይ እንዳይቀመጥ። የወጣውን ጥቁር አፈር ለወለል መሙያ መልሳችሁ አትጠቀሙበት፤ ሊሾው ከሥር ተገፍቶ ይፈነዳል። ጠንካራ ቀይ አፈር ላይ ግን 80 ሳ.ሜ. ጥልቀትና 60 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የድንጋይ መሠረት ለእንዲህ ያለ ፎቅ የሌለው ቤት ይበቃል። ከመሬት በላይ 50 ሳ.ሜ. ይውጣ።

በእናንተ አገር በልግ ስለሚዘንብ ሰኔን አትጠብቁ፤ ጣራው ከመጋቢት በፊት ይለቅ። ድንጋይና አሸዋ መንገዱ እንደ ደረቀ በጥቅምት ይገባ፣ መሠረቱ በኅዳር ይውጣ። ከመስኮቶቹ በላይ ቤቱን ዞሮ የሚያስር የአርማታ ቢም አይቅርባችሁ። ቢሙ ሲሞላ በየ1.5 ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቅበሩበት፤ በኋላ የጣራው እንጨት በዚያ ይታሰራል። ጣራ በነፋስ የሚነሣው ቆርቆሮው ስለ ሳሳ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ ግድግዳው ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ከሆነ ነፋሱ ሁሉንም አንድ ላይ ያነሣዋል። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እንደሚሳሳ አትርሱ፤ ለአዳራሽ 28 ይሻላል። ሚስማሩ ጎማ ገብቶለት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ። ውኃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ የተመታ ሚስማር ቀዳዳ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መጋቢ ነው። ጸሎት ቤት መሥራት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆነ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለሲሚንቶ ሰጠው፤ የደረሰኝን ዕቁብም ለአናጢ ከፈለበት። ማታ ቤት ሲገባ ስልኩ ከጆሮው አይለይም። የ14 ዓመት ልጃችን ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሏል። ብናገር የጌታን ሥራ የተቃወምኩ እየመሰለኝ ዝም አልኩ። (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ የጌታን ሥራ አልተቃወሙም። በማርቆስ 7፥11-13 ኢየሱስ የገሠጻቸው ሰዎች ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ ያስቀሩ ነበር። ለእግዚአብሔር ስለ ተባለ ብቻ የቤተሰብን ድርሻ መውሰድ ትክክል አይሆንም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥5 ደግሞ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ብሎ ይጠይቃል። ይህ ባለቤትዎን ለመክሰስ አይደለም። ብዙ መጋቢዎች ወደዚህ የሚገቡት ከፍቅር ተነሥተው ነው፤ ሥራው ሲቆም ሰው ሁሉ የሚያየው እነሱን ስለሆነ ከኪሳቸው ይደፍናሉ።

በመጀመሪያ የወጣው ብር ይጻፍ። የትምህርት ክፍያውና የዕቁቡ ገንዘብ መጠን በቀንና በብር ተለይቶ ለሽማግሌዎች ይቅረብ፤ «ከመጋቢው ቤተሰብ የተወሰደ ብድር» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። የመመለሻው ተራ ከቀለምና ከኮርኒስ በፊት ይሁን፤ ቀለም ይቆያል፣ የልጅ ትምህርት ግን ዓመቱን ካለፈ አልፏል። ባለቤትዎ «ለጌታ ሰጥቻለሁ» ካሉ፣ የሰጡት የእርስዎንና የልጆቹን ድርሻ ጭምር መሆኑን በእርጋታ ይንገሯቸው። የራስን መስጠት ይቻላል፤ የሌላውን ለመስጠት ግን ባለቤቱን መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው፣ መጋቢ ብር አይያዝ፣ ዕቃ አይግዛ፣ ከአናጢ ጋር ዋጋ አይከራከር። ይህን የሚሠራ ሰው ኮሚቴው ይመድብ። መጋቢው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለሁለት ሰዓት ሥራውን አይቶ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ጸልዮ ይመለስ። የፎርማኑ ስልክ ወደ ተመደበው ሰው ይዙር። ይህን ብቻዎን ከሚናገሩ አንድ የሚያከብሩትን ሽማግሌ ከነባለቤታቸው ቤት ጠርተው አራት ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ የሚስት ቃል ብቻውን እንደ ወቀሳ ሊሰማ ይችላል።

ልጁን «ለምን አትሄድም» ብላችሁ አትግፉት። አባቱ ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቀው፤ ዝርዝር ሳያበዛ፣ ያንተን ድርሻ ወስጃለሁ፣ ተሳስቻለሁ ይበለው። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ስልክ ጠፍቶ፣ ስለ ሲሚንቶ ሳይነሣ ከልጁ ጋር ይዋል። ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ታገሡ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ያዣችን ታማኝ ወንድም ነው፤ ሆኖም ሲሚንቶ ጠፋ የሚል ሹክሹክታ በዛ። አንዳንዶች 2ኛ ነገሥት 12፥15ን ጠቅሰው በታማኝነት የሠሩትን ሒሳብ መጠየቅ አይገባም ይላሉ። (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 10ን አብራችሁ አንብቡ። ከሣጥኑ የወጣውን ብር የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ይቆጥሩት ነበር። ሠራተኞቹን መጠየቅ ያላስፈለገው መጀመሪያውኑ በሁለት ሰው ስለተቆጠረ ነው ብለን እናምናለን። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ስለ መዋጮው ማንም እንዳይነቅፋቸው በሰው ፊት ጭምር ይጠነቀቅ ነበር። ሒሳብ ታማኙን ሰው ከሐሜት ያድነዋል።

የሲሚንቶ ሹክሹክታ በስሌት ይፈታል። የአርማታ መጠን ርዝመት በስፋት በከፍታ ነው። 20 በ30 ሳ.ሜ. የሆነ፣ 52 ሜትር የሚዞር ቢም 3.12 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለጠንካራ አርማታ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል፤ ጠቅላላው 1,123 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 23 ከረጢት። መጋዘኑ 25 ካወጣ ብክነት ነው፤ 35 ካወጣ ጥያቄ አለ። 15 ብቻ ካወጣም ጥያቄ አለ፤ አርማታው ሲሚንቶ አንሶት ተሞልቷል ማለት ነውና፣ ይህኛው ለሰው ሕይወት ይበልጥ ያሰጋል።

መለኪያው ሣጥን ይሁን፤ በአካፋ መቁጠር አያስተማምንም። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ. የሆነ ሣጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ነው። ለአንድ ከረጢት 2 ሣጥን አሸዋ፣ 3 ሣጥን ጠጠር፣ ከ25 እስከ 27 ሊትር ውኃ። ሠራተኛ ለመግፋት እንዲቀለው ውኃ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ጥንካሬው ይወርዳል። የተሞላው አርማታ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣ።

የመጋዘኑ ደብተር አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ለምን ሥራ። ያወጣውም የተቀበለውም ይፈርሙ። ሲሚንቶው ከወለል 15 ሳ.ሜ. ከፍ ባለ ሳንቃ ላይ፣ ከግድግዳ 30 ሳ.ሜ. ርቆ ይደርደር፤ ከ10 ከረጢት በላይ አይቆለል። በፊት የገባው በፊት ይውጣ። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል የያዘው ለአርማታ አይሆንም። በየወሩ መጨረሻ ገቢውና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ የጭቃ ጸሎት ቤታችንን ምስጥ ጨረሰው። የተቃጠለ ዘይት ብንቀባም ተመለሰ። (ከመንዲ)

መልስ፦ ዘይት ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ አፈሩንና ውኃውንም ይበክላል። ዋናው ነገር እንጨት አፈር እንዳይነካ ማድረግ ነው። በአዲሱ ቤት ቋሚዎቹ ከመሬት 40 ሳ.ሜ. ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁሙ፤ ድንጋዩ በሲሚንቶ ማልታ ይያያዝ፣ በጭቃ ከተያያዘ ምስጡ በመሃሉ ይወጣል። የባህር ዛፉ ልጣጭ እንደ ተቆረጠ ይነሣ። መሠረቱ ከውጭ ሳይለሰን ይቆይና በየሳምንቱ ይታይ፤ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መስመር ሲወጣ ያን ጊዜውኑ ጥረጉት። ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ማገዶና አግዳሚ የምስጥ መሰላል ነው፤ አንሡት።

ጥያቄ፦ እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን 12 ወጣቶችን ለአሥር ቀን ወደ ደቡብ ልካ ጸሎት ቤት ማሠራት ትፈልጋለች። ልጆቻችን ያደጉት እዚህ ነው፤ የወላጆቻቸውን አገርና እምነት በሥራ እንዲያዩ እንመኛለን። ምን ትመክሩናላችሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ምኞታችሁ ደስ ይላል፤ ሆኖም በአሥር ቀን ጸሎት ቤት አይሠራም። አርማታ እስኪጠነክር ብቻ ሳምንታት ይፈልጋል። ግንብና ጣራ ለአገሩ ግንበኛና አናጢ ይተው፤ እንጀራቸው ነው፣ ሥራውንም ያውቁታል። ብሎኬት ደርድሮ የማያውቅ ወጣት የገነባው ግድግዳ በቱንቢ ሲታይ ዘሞ ከተገኘ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፈርሶ ይሠራል።

ቤቱ ተከድኖ ሲያልቅ ይምጡ። ያን ጊዜ የሚሆናቸው ሥራ አለ፦ አግዳሚዎችን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና መቀባት፣ ውስጡን ቀለም መቀባት፣ በግቢው ችግኝ መትከል፣ ከሰዓት በኋላ ከአጥቢያው ልጆች ጋር መማርና መዘመር። ከእያንዳንዱ እንግዳ ጎን አንድ የአገሩ ወጣት ይመደብ። ብዙዎቹ እዚያ የሚናገሩት አማርኛ ሳይሆን የአካባቢውን ቋንቋ ስለሆነ አስተርጓሚ ቀድሞ ይያዝ። የሚያድሩት ከቤተሰብ ጋር ከሆነ ለምግባቸው የሚበቃ ብር በአጥቢያዋ በኩል አስቀድሞ ይሰጥ፤ ባላገሩ ለእንግዳ ያለውን በግ አርዶ ተበድሮ እንዳይቀር።

የ12 ሰው የአውሮፕላን ትኬት ስንት እንደሆነ ደምሩና ከጣራው ወጪ ጋር አስተያዩት። ትኬቱ የሚበልጥ ከሆነ 5 ልካችሁ የቀረውን ለቆርቆሮ ብታደርጉት ይሻላል ባዮች ነን። አጥቢያዋን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚያስፈልጋት አዳራሽ ሳይሆን የአንድ ወንጌላዊ የሁለት ዓመት ደመወዝ ሊሆን ይችላል።

የሚሄዱት ሁሉ የቴታነስ ክትባታቸው አሥር ዓመት ያላለፈው መሆኑን ሐኪማቸው ይይላቸው፤ በግንባታ ቦታ ዝገት ሚስማር የትም አለ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማና የእጅ ጓንት ይያዙ፤ ሲመለሱ ለሠራተኞቹ ትተውት ይምጡ።