ቡስት ሲመጣ የማይነሳ የነዳጅ ግፊት

ጥያቄ፦ ባለ ኢንጀክተር የቤንዚን ሞተር ላይ ሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ)፣ ትልልቅ ኢንጀክተሮችና በብሎን የሚስተካከል ሬጉሌተር (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ) ተገጥመዋል። ቡስቱ፣ ማለትም ሱፐርቻርጀሩ የሚፈጥረው የአየር ግፊት፣ 0.6 ባር ነው። በሚኒሞ የነዳጅ ጌጁ 2.5 ባር ያሳያል፤ እስከ መጨረሻ ስረግጠው ግን 3 ባር ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ ነዳጁ ይሳሳል (ከአየሩ አንጻር ያንሳል)፣ ሞተሩም የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል። ብሎኑን አጥብቄ 3.6 ባር ባደርሰው ይስተካከላል?

መልስ፦ ብሎኑን ለጊዜው ይተዉት። ችግሩ እስኪፈታም ሞተሩን ቡስት ውስጥ አያስገቡት፤ ነዳጅ አንሶት የሚያንኳኳ ሞተር ፒስቶን ለመስበር ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

ኢንጀክተር የሚረጨው ልክ የሚወሰነው ጌጁ ላይ በሚነበበው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በነዳጅ መስመሩና በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ልዩነት ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ 0.6 ባር እያለ ነዳጁ 3 ባር ከሆነ ልዩነቱ ሁልጊዜ 3 መሆን ሲገባው 2.4 ብቻ ይሆናል፤ ኢንጀክተሩም ከሚጠበቅበት 11 በመቶ ያህል ያነሰ ይረጫል፣ ሞተሩ አብዝቶ በሚጠጣበት ሰዓት። ብሎኑን አጥብቀው 3.6 ቢያደርሱት በቡስት ጊዜ ቁጥሩ ይሰምርልዎታል፤ ነገር ግን በሚኒሞና ቀስ ብለው ሲነዱ 10 በመቶ ገደማ ትርፍ ነዳጅ ይገባል። ካንዴላ ይጠቁራል፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም ትርፉን ለመቀነስ ሲታገል ይውላል።

ሁለቱ ንባቦችዎ ጥፋቱን በግልጽ ያሳያሉ። በሚኒሞ ግፊቱ ወደ 2.5 መውረዱ ሬጉሌተሩ ቫኪዩሙን (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ዝቅተኛ ግፊት) እንደሚያገኝ ይነግረናል፤ ሲረገጥ 3 ላይ መቆሙ ደግሞ ቡስቱ እንደማይደርሰው። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ነው፦ በትሮትሉ (ነዳጅ ፔዳሉ በሚከፍተው የአየር በር) እና በሱፐርቻርጀሩ መካከል። እዚያ ትሮትሉ ሲዘጋ ቫኪዩም አለ፣ ሲከፈት ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ቡስት ግን ፈጽሞ አይገኝም። የሬጉሌተሩን ቀጭን ቱቦ ከዚያ ነቅለው ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ካለው ማኒፎልድ ላይ ይውሰዱት። (ሴንትሪፉጋል ዓይነት ቢሆን ትሮትሉ ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ስለሚገኝ ቱቦው ከትሮትሉ ወዲያ ይወሰድ ነበር።) ቱቦው አጭርና ለሬጉሌተሩ ብቻ ይሁን፤ ከሌላ መሣሪያ ጋር በቲ ቅርጽ መገናኛ አይጋራ፣ መሀሉ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አይኑረው፣ ጫፎቹም በፋሸታ ይታሰሩ። ያልታሰረ ቱቦ የሚወልቀው በቡስት ሰዓት ነው።

ሲነቅሉት ውስጡን ያሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከረጠበ የሬጉሌተሩ ዲያፍራም ተቀዷል፤ ማስተካከል ዋጋ የለውም፣ ይቀየር።

አሁን ማስተካከያው። ሞተሩን ያሙቁና በሚኒሞ ይተዉት። ቱቦውን ከሬጉሌተሩ ነቅለው ጫፉን ይድፈኑት፤ ካልደፈኑት አየር ስቦ ሚኒሞውን ያዛባዋል። የሬጉሌተሩ አፍ ክፍት እንደሆነ የብሎኑን ማሰሪያ ዳዶ አላልተው ብሎኑን ጥቂት በጥቂት ያዙሩ፤ ሲጠብቅ ግፊቱ ይጨምራል። 3 ባር ላይ ሲደርስ ዳዶውን ያጥብቁና ጌጁን እንደገና ያንብቡ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ይዞት ሊዞር ይችላልና። ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ላልቶም ግፊቱ ካልወረደ መመለሻ መስመሩ ጠቧል ወይም ተጣምሟል። ቱቦውን ሲመልሱ ወደ 2.5 መውረድ አለበት።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ፓምፑን በሪሌው በኩል ብቻውን ያስነሱ፤ ባለ ጌጅ የእጅ ፓምፕ ሬጉሌተሩ አፍ ላይ ሰክተው 0.6 ባር ይስጡት። የነዳጁ ጌጅ 3.6 ካላለ ጥፋቱ ራሱ ሬጉሌተሩ ነው። ካለ ግን ገና አልጨረስንም፤ በዚህ ፍተሻ ኢንጀክተሮቹ ስለማይከፈቱ የፓምፑ አቅም አልተፈተነም። መኪናው መንገድ ላይ ሆኖ ግፊቱ 3.6 ደርሶ ዙሩ ሲጨምር መልሶ የሚወርድ ከሆነ ማጣሪያውን ይመልከቱ፣ ፓምፑ ጫፍ ላይም ቮልቴጅ ይለኩ። ባትሪው ላይ 13.8 ተገኝቶ ፓምፑ ጋ 11.5 ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል፤ ወፍራም ሽቦ በራሱ ሪሌና ፊውዝ ከባትሪ ይሳቡለት። ሽቦው ደህና ከሆነ ፓምፑ አንሷል።

ጌጁን ለማንበብ ብለው ቤንዚን ያለበት ቱቦ ወደ መኪናው ውስጥ አያስገቡ፤ በሴንሰር የሚሠራ ጌጅ ይጠቀሙ። መስመሩን ከመፍታትዎ በፊትም የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ እሳት ማጥፊያም አጠገብዎ ይኑር።

የነዳጁ መሳሳት ከዚህ በኋላም ካልጠፋ በግፊት አይሸፍኑት። በቡስት ሙሉ ጭነት ላምዳው (የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው) 0.78 እስከ 0.82 መካከል መውደቅ አለበት፤ ካልሆነ የሚታረመው በኮምፒውተሩ ማፕ (የነዳጅ መጠን ሰንጠረዥ) ነው። ኢንጀክተሮቹ ክፍት ሆነው የሚቆዩበት ጊዜ ከጠቅላላው ዑደት 85 በመቶ ካለፈ ደግሞ ኢንጀክተሮቹ ለዚህ ሞተር አይበቁም።