መልስ፦ የአየር ትንበያ ባለሙያ ክፍላችንን ሲጎበኝ ተማሪዎች ምን ይጠይቁ?

መምህር፣ ተማሪዎችዎ «ነገ ይዘንባል ወይ?» ከማለት አልፈው ስለ ወቅት ትንበያ፣ ማለትም የመጪዎቹ ወራት ዝናብ አስቀድሞ ስለሚገመትበት መንገድ፣ ቢጠይቁት ይሻላል። ብዙ ሰው፣ አዋቂውም ጭምር፣ የሚደናገረው እዚያ ላይ ነው። የየዕለቱ ትንበያ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ እምብዛም አያስኬድም፤ በመነሻው ልኬት ላይ ያለች ትንሽ ስህተት ቀን በጨመረ ቁጥር እየገዘፈች ስሌቱን ታፋልሰዋለች። ታዲያ የሦስት ወር ዝናብ እንዴት ይተነበያል? ውቅያኖስ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅና ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በመካከለኛውና በምሥራቃዊው ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ የውሃው ወለል ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል፤ ሁለቱም እጅግ ርቀው ባሉ አገሮች ሳይቀር የዝናቡን ዕድል ይለውጣሉ።

ዕድሉን ነው ያልኩት። «ዝናቡ ከመደበኛ (ከወትሮው) በላይ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ» ከተባለ፣ የቀረው 50 በመቶ ለ«መደበኛ» እና ለ«ከመደበኛ በታች» ተከፋፍሏል። ስለዚህ ዝናቡ ቢያጥርም ባለሙያው ዋሸ አይባልም (ይህን ለስንቱ ባስረዳ ሰሚ የለም!)።

ለታናናሾቹ ግን ይህን ሁሉ ይተዉት። ባለሙያው የዝናብ መለኪያ ይዞ እንዲመጣ አስቀድመው ይንገሩት፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ መሆኑን ራሳቸው እያፈሰሱ ይዩት። ከጉብኝቱ በኋላም ከዛፍና ከጣሪያ በራቀ ቦታ የራሳቸውን መለኪያ ተክለው፣ በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት እያነበቡ ይመዝግቡ።