ሦስቴ አንብቤው ነበር

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ምዕራፉን ሦስቴ አነበብኩት። መጽሐፉን ስዘጋው ግን ባዶ ነኝ» አለች። ወዲያው መንዝ ትዝ አለኝ።

አዲስ ምሩቅ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሰዉ «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። አንዲት ባልቴት ዘጠኝ በጎች ነበሯቸው። ባና የሚደርቡ፣ ጣታቸው ሱፍ ሲፈትል የኖረ ሴት። በጎቹ ከስተዋል። ለትል አልቤንዳዞል ልሰጥ ወሰንኩ። የመድኃኒቱን ወረቀት ሦስቴ አነበብኩት። እንግሊዝኛው ሲንቆረቆርልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለስንት ኪሎ ስንት ሚሊ እንደሚሰጥ ሸመደድኩ። «በእርግዝና የመጀመሪያ 30 ቀን አይሰጥም» የምትለዋን መስመር ግን ዓይኔ አለፋት። አውራው እዚያው ከበጎቹ ጋር ቆሟል!

ከአራት ወር በኋላ ሁለት ግልገሎች እግራቸው ተጣሞ ተወለዱ። ባልቴቷ አንዱን በባናቸው ጠቅልለው መጡ። «ምን መጣብኝ ዶክተር?»

«ብርዱ ይሆናል፣ እማማ።»

አመኑኝ። ጠላም ቀዱልኝ። ማታ ወረቀቱን አውጥቼ ሳነብ መስመሯን አገኘኋት። በማግስቱ አልሄድኩም።

ስለ እንቅልፍና ስለ ስልክ ለልጅቷ ምንም አላልኩም፤ ታውቀዋለች። አንድ አንቀጽ ስትጨርሺ መጽሐፉን ክደኚው፣ ለእናትሽ እንደምትነግሪያት በአማርኛ ተናገሪው አልኳት። በእንግሊዝኛ የገባን የሚመስለን ነገር ያኔ ቀዳዳው ይታያል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2006 ያወጡት ጥናት አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 42 በመቶ ላይ ቀሩ፤ ሳያዩ ለማስታወስ የታገሉት 56 በመቶ ያዙ። ደግሞ «አንለስ»፣ «ኤክሴፕት» የሚሉ ትንንሽ ቃላት ሲመጡ ጣትሽን አቁሚባቸው አልኳት። ዓረፍተ ነገሩን የሚገለብጡት እነሱ ናቸው።

የዛሬ ልጆች ሃንዳውት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላላክ ጥናት ይመስላችኋል። እኔም ያኔ ገጹን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አሰምር ነበር፤ ከእናንተ ብዙም አልሻልም። ሽምደዳ አልወድም። የኔታ ግን ሳይገባኝ ያስደገሙኝን ዳዊት ዛሬም ሲጨንቀኝ እደግመዋለሁ።

የበጎቹንም ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችና «ለሴትዮዋ ኋላ እውነቱን ነገርካቸው?» አለች።

ባትሪዬ ሊያልቅ ነው አልኳትና ዘጋሁት።