«ራስተራይዝ ላድርገው ወይ?»፦ ጥያቄና መልስ

ፎቶሾፕ ላይ ጽሑፍ ጽፎ ብሩሽ ያነሳ ሰው ያቺን መልእክት ያውቃታል፦ የጽሑፉ ሌየር (ሥራው በላይ በላዩ ከሚደረብባቸው ገጾች አንዱ) መጀመሪያ ራስተራይዝ መደረግ አለበት ትላለች። አብዛኛው ሰው ሳያነብ «ኦኬ» ብሎ ያልፋል። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። ስለዚህ ቃል ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ።

ራስተራይዝ ማድረግ ሲባል በቀላሉ ምን ማለት ነው?

በስሌት የተያዘን ቅርጽ ወደ ፒክሰል መቀየር ነው። «ሀ» ብለህ ስትጽፍ ፋይሉ የሚይዘው የትኛው ፊደል፣ በየትኛው ፎንት፣ በምን መጠን እንደሆነ ነው። የፊደሉ ጠርዝ የት የት እንደሚታጠፍ ፎንቱ ያውቃል። አሥር እጥፍ ብታሳድገው እንደገና አስልቶ ይስለዋል። ራስተራይዝ ካደረግኸው ይህ ሁሉ ይጣላል። የሚቀርህ ቀለም የተቀቡ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው።

ሞክረው። ሁለት «ሀ» በተለያየ ሌየር ጻፍ፣ አንዱን ራስተራይዝ አድርግ። ዙም ማድረግ ልዩነቱን አያሳይህም፤ ፎቶሾፕ ሁለቱንም በፒክሰል ነው የሚያሳይህ። ይልቅ ሁለቱንም በኮንትሮል ቲ አምስት እጥፍ አሳድጋቸው። አንዱ ጥርት ብሎ ይቀመጣል። የሌላው ጠርዝ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ቃሉ ከየት መጣ?

ሥሩ ላቲን ነው፤ «ራስትሩም» ጥርሳም የአፈር መቧጠጫ ነው። በጀርመንኛ በኩል አልፎ የድሮ ቴሌቪዥን ምስሉን መስመር በመስመር የሚስልበት ንድፍ መጠሪያ ሆነ። መቧጠጫው አፈር ላይ የሚተዋቸውን መስመሮች አስብ።

ራስተራይዝ አድርጌ ሴቭ ብዬ ዘጋሁት። አሁን ጽሑፉ ላይ የፊደል ስህተት አገኘሁ። ይመለሳል?

አይመለስም ወዳጄ፣ የፈሰሰ ውኃ ነው። ፋይሉ ሳይዘጋ ቢሆን በሂስትሪ ወደ ኋላ መሄድ ይቻል ነበር። ለሚቀጥለው ግን ሌየሩን በኮንትሮል ጄ ኮፒ አድርግ፣ ዋናውን ደብቀው፣ ኮፒውን እንደፈለግህ አድርገው።

ብለር (ማደብዘዣ) ለመጨመር ራስተራይዝ ማድረግ ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሌየሩን ወደ ስማርት ኦብጀክት (ዋናውን ሳይነካ ውስጡ ይዞ የሚያቆይ ሌየር) ቀይረውና ብለሩን ከላዩ ጨምር። ጽሑፉን ማረም ስትፈልግ የሌየሩን ትንሽ ምስል ደብል ክሊክ አድርገህ ትገባለህ። ከፊደሉ ላይ ቆርሰህ ማጥፋት ከሆነ የፈለግከው፣ ኢሬዘሩን ተውና ማስክ (ሳያጠፋ የሚደብቅ ሽፋን) ተጠቀም። እኔ ከዓመታት በኋላ ራስተራይዝ የምለው በፊደሉ ላይ በቀጥታ በብሩሽ መቀባት ስፈልግ ብቻ ነው ማለት እችላለሁ።

ስማርት ኦብጀክት የሆነ ፎቶን ራስተራይዝ ባደርግስ?

ተጠንቀቅ። ወርዱ 4000 ፒክሰል የነበረውን ፎቶ ወደ 400 አሳንሰህ ራስተራይዝ ካልክ የሚቀርህ 400ው ብቻ ነው። በኋላ ብታሳድገው ይደበዝዛል። ሳትነካው ብትተው ኖሮ ዋናው 4000 ፒክሰል ውስጡ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ጋ ፎንቱ ስለሌለ ጽሑፌ ተበላሽቶ ከፈተ። ራስተራይዝ አድርጌ ልላክ?

የለም፣ ወደ ቅርጽ ቀይረህ ላክ። ኢሉስትሬተር ላይ «ክሪኤት አውትላይንስ»፣ ኮሬልድሮው ላይ «ኮንቨርት ቱ ከርቭስ» ይባላል። ፎንት አይጠይቅም፣ ጥራቱም አይነካም። ፊደሉን ግን ከዚያ ወዲያ ማረም ስለማትችል እዚህም ኮፒ አስቀር። የግድ ራስተራይዝ የምታደርግ ከሆነ ሬዞሉሽኑን በኢንች 300 ፒክሰል አድርገው። ኤ4 ወረቀት በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክሰል ይሆናል። በ72 የላከ ሰው ሥራው ታትሞ ሲመጣ ጉዱን ያያል።

ከፍላተን ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ፍላተን ሌየሮቹን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ያደርጋል። ራስተራይዝ የመረጥከውን ሌየር ብቻ ነው የሚነካው።

ጄፔግ ፎቶ ከፍቼ ነበር፣ ትእዛዙ ደብዝዞ አይሠራም። ለምን?

ድሮም ፒክሰል ነዋ!

ፒክሰል የሆነ ሎጎን ወደ ቬክተር (በስሌት ወደተያዘ ቅርጽ) መመለስስ?

ኢሉስትሬተር «ኢሜጅ ትሬስ» አለው። ግን የነበረውን አይመልስም፤ ፒክሰሉን አይቶ ገምቶ ነው አዲስ መስመር የሚስለው። ክብ የነበረው ትንሽ ይንጋደዳል፣ ሹል የነበረው ይደንዛል። ሎጎው ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ፎንቱን ፈልጎ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል።