ሞላውን ተወው፣ ፍሬኑን አሳየኝ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቁልቁለት ናቸው። አይገርምም። ከደሴ ወደየትም ብትነሱ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ብስክሌት ስጠግን 27 ዓመት ሆነኝ። ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። እሁድ እሁድ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ፣ ከዚያም በእግር መንገዱ ወደ ጦሳ ተራራ ጥግ መንዳት አምሮኛል። ሁለት ብስክሌት አይቻለሁ። አንዱ አዲስ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፣ ሲያዩት ሞተር ሳይክል ይመስላል። ሌላው ያገለገለ ነው፤ ሞላው ከፊት ብቻ ነው፣ ቀለሙም ተልጧል። ዋጋቸው እኩል ነው። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ የተላጠውን።

ሁለት ሞላ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ጥሩው ግን ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል። ባንተ ዋጋ የሚገኘው የኋላ ሞላ ለዓይን የተሠራ ነው። ዳገት ላይ ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ቁጭ ብድግ ይላል። ጉልበትህ ወደ ጎማው ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ መለዋወጫ አታገኝለትም። እንዲህ ያለችውን አንዷን ሱቄ ውስጥ ሚዛን ላይ ሰቅያት 18 ኪሎ መዝናለች። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደምትወጣ አትርሳ።

የተላጠውንም ቢሆን ዝም ብለህ አትግዛ። መሪው የተሰካበትን አንገት፣ በተለይ ብየዳውን፣ በጣትህ ዳብሰው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካገኘህ አመስግነህ ሂድ። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም መንገድ ዳር ተበይዶ አይድንም። ቀጥለህ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ግፋው። ከአንገቱ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ወይ ላልቷል ወይ ተበልቷል። የላላው በቁልፍ ይጠብቃል፣ ለተበላው ግን ኪስህን ትዳብሳለህ። ቸርኬውንም አሽከርክረህ እየው። እንደ ሰካራም ከተወላገደ ዋጋ አስቀንስ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሰንሰለቱን ነው። የአናጢ ሜትር ይዘህ ሂድ፤ የተማሪ ማስመሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ ለጥቂት ያንሳል። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስተህ 24 ፒን ወደፊት ቁጠር። አዲስ ሰንሰለት ከሆነ 30 ሴንቲ ከ5 ሚሊ ሜትር ላይ ታርፋለህ። 30 ከ6 ካለፈ ሰንሰለቱ ሊለወጥ ደርሷል። 30 ከ8 ከሆነ ደግሞ የማርሹን ጥርሶችም እየበላቸው ነው፣ አብረው ይቀየራሉ። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ወላሂ!» ሲልህ ሜትርህን ዘርጋ።

የፊት ሞላውን ለክብደትህ የምታስተካክለው በክር ነው። በሚንሸራተተው የሞላ ቱቦ ላይ ክር እሰርና ታች ድረስ አውርደው። ግድግዳ ተደግፈህ ቀስ ብለህ ተቀመጥ፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ሞላው 100 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ክሩ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ከዚያ በላይ ከወጣ ሞላው ላንተ ለስልሷል፤ ከላይ ባለው መዘውር አጥብቀው፣ የአየር ከሆነም አየር ጨምርበት።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ፣ ደሴና ኩታበር መካከል ነው የምነዳው። ጉልበቴን ከፊት ለፊቱ ያመኛል። ቁልቁለት ስወርድ ደግሞ እጄ ይደነዝዛል። ባለቤቴ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ «እግርሽ መሬት መንካት አለበት» ይለኛል። የሠፈር ልጆች ደግሞ «የፊት ፍሬን እንዳትነኪ፣ ትገለበጫለሽ» ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ አስቦልሽ ነው፤ የጉልበትሽ ሕመም ግን የመጣው ከዚያው ሳይሆን አይቀርም። ወንበሩ ሲያጥር ጉልበት ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይገፋል። ግድግዳ ተደግፈሽ ተቀመጪ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝሽን አድርጊበት። እግርሽ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ስትነጂ የምትረግጪው በእግርሽ ፊተኛው ክፍል ስለሆነ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፋት ይኖረዋል። ስትቆሚ ከወንበሩ ወደፊት ወርደሽ ቁሚ እንጂ ተቀምጠሽ መሬት ለመንካት አትሞክሪ። ለረጅምና ለከባድ ቁልቁለት ብቻ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው፣ ታች ስትደርሺ መልሺው። የልኩን ቦታ በምስማር ጫር አድርገሽ ምልክት ብታበጂለት በየጊዜው ከመለካት ትድኛለሽ።

የእጁ መደንዘዝ ምንጭ ብዙ ጊዜ የፍሬን እጀታው ነው። አብዛኛው ብስክሌት የሚመጣው ለትልቅ ወንድ እጅ ተስተካክሎ ነው። እጀታው ላይ፣ ከመሪው በኩል፣ ትንሽ ብሎን ታገኛለሽ። እሷን ስታጠብቂ እጀታው ወደ ጣትሽ ይቀርባል። ያኔ በአንድ ወይም በሁለት ጣት ትይዣለሽ፣ የቀሩት መሪውን ይጨብጣሉ። እጀታውንም ወደ ታች አዘንብዪው፤ ክንድሽና ጣትሽ በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አንጓሽ አይሰበር።

አሁን ወደ ፊት ፍሬኑ። የሠፈሩ ልጆች ግማሹን እውነት ይዘዋል። ቁልቁለት ላይ ክብደትሽ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው እዚያ ነው። የኋላውን ብቻ ብትይዢ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ብስክሌቱ አይቆምም። የሚገለብጠው ሦስት ነገር ነው፦ በድንገት መያዝ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት መንጋደድ፣ መሪውን አጥፎ የፊቱን ማነቅ። ስለዚህ ከወንበሩ ተነሺ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጊ፣ ተረከዝሽን ዝቅ፣ ዳሌሽን ወደኋላ። ክርንሽ ይላላ። ሁለቱንም ፍሬኖች እያለሰለስሽ ያዢ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትሽን ጨርሺ፣ ከዚያ ልቀቂ። ዓይንሽ ጎማው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አይቅር፣ ልትሄጂበት ወዳሰብሽው ይሂድ። ድንጋዩን ካየሽው ድንጋዩ ላይ ነሽ።

«ልቀቂ» ያልኩት አለነገር አይደለም። በ19 ዓመቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ሁለቱን ፍሬኖች አንዴም ሳልለቅ ጨብጬ ወረድኩ። ፍሬኑ ቸርኬውን በጎማ የሚይዘው ዓይነት ነበር። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፣ የመኪና ነው ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ታጠፍኩና የፊት ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ። ለካ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን አፈንድቶታል። ኮረቱ ላይ ተንሸራትቼ ስቆም ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ሮጠው መጡ። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» እያሉ ክርኔን በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ያዝ አድርጌ እለቃለሁ፣ ያዝ አድርጌ እለቃለሁ። ረጅም ቁልቁለት ከሆነም መሃል ላይ ቆሜ ቸርኬውን በእጄ ጀርባ ጠጋ ብዬ አየዋለሁ።

ይህ የኔ ብቻ ሞኝነት እንዳይመስልሽ። የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው በጋለ ፍሬን ነው ማለት ይቻላል። በፈረንጆቹ 1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ፣ ወጣቶች በአሮጌ ከባድ ብስክሌቶች የኮረብታ ጥርጊያ መንገድ ላይ ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ጀመር። ፍሬኑ ፔዳሉን ወደኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበርና በውስጡ ያለው ግሪስ ግሎ ይጨስ ነበር። ታች ሲደርሱ ፈትተው አዲስ ግሪስ ይሞሉታል። የውድድሩ ስም «ሪፓክ» የሆነው ከዚህ ነው፣ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ከዚያ ቡድን አንዱ ጆ ብሪዝ በቀጣዩ ዓመት ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ሐረጎን እነሱ አላዩትም እንጂ።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነው የምጽፈው። በሳምንት ሦስቴ እሾህ ይወጋኛል። ጎሚስታው «አጠንክረህ ንፋው» ብሎኛል። ወደ ደሴ ከፍታ ስወጣ ጎማ ይፈነዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የግራር እሾህ ንፋስ አይፈራም። የመኪና መንፊያ ላይ የሚነፋልህ እስከ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ያደርስልሃል፤ ጎማህ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ኮረት ላይ ትዘላለህ እንጂ አትይዝም። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው፣ 2.2 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ፣ የፊቱ 28 የኋላው 32 አካባቢ ይበቃል። ከዚያ በታች ከወረድክ ደግሞ ድንጋይ ስትመታ ቸርኬውና ድንጋዩ የውስጥ ጎማውን ይቆነጥጡታል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ፣ እንደ እባብ ንክሻ ካየህ ጥፋቱ የእሾህ አይደለም፣ የንፋስ ማነስ ነው።

ለእሾህ የምመክርህ ርካሽ ዘዴ አለ። ያረጀ የውስጥ ጎማ ቫልቩን ቆርጠህ ጣል፣ በርዝመቱ ሰንጥቀው፣ በውጭ ጎማውና በደህናው የውስጥ ጎማ መካከል አንጥፈው። ትንሽ ይከብዳል፤ ባቲ ላይ ግን ያዋጣል። ማስቲሽ ለጥፈህ ከመክተትህ በፊት ደግሞ የውጭ ጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረገው። ጨርቁ የሚይዘው ቦታ ላይ የተሰበረች የእሾህ ጫፍ አለች። በሳምንት ሦስቴ የሚወጋህ አንዱ እሾህ ሊሆን ይችላል! በፒንሳ ንቀላት።

ስለ ከፍታው፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ የውጭው አየር ግፊት የሚቀንሰው ወደ 1 ፒኤስአይ ብቻ ነው። በዚያ የፈነዳ ጎማ ድሮም ሊፈነዳ የደረሰ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ተማሪ ነኝ። የዲስክ ፍሬኔ ሲጮህብኝ ዘይት ቀባሁት። ጩኸቱ ቆመ፣ ፍሬኑ ግን አልይዝ አለ።

መልስ፦ አይይይ። ዲስኩን በአልኮል በደንብ ጥረገው። የፍሬን ሸራው ግን ዘይት ጠጥቷልና ለውጠው፤ ታጥቦ የዳነ ብዙ አላየሁም። እስከዚያ ድረስ ቁልቁለት የለም፣ ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ብቻ። ዘይት የሰንሰለት ነው፣ እሱም በጠብታ። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በየፒኑ አንዳንድ ጠብታ፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረግ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈሱበት አሉ፤ አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ላቫጆ ወስደህም በግፊት ውኃ አታስመታው፣ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው። ጡረታ ሳልወጣ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ብሎኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል። በነሐሴ ልጀምር ወይስ ረፍዶብኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዕድሜው አልረፈደብዎትም፣ ነሐሴው ግን ይቅርብዎት። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ጎማና ብስክሌቱ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር ያቆማል። ከዚያ ብስክሌቷ እርስዎን መሸከሟ ቀርቶ እርስዎ ይሸከሟታል። መስከረም አልፎ መሬቱ እስኪጠነክር ይጠብቁ። በበልግም ከዘነበ ማግስት ኮረት ያለበትን መንገድ ይምረጡ። እስከዚያ ሄልሜት ይግዙ፤ ሲያናውጡት ራስዎ ላይ የማይዞር፣ ከቅንድብዎ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ይሁን። ዳገት ላይ ከፊት ትንሹን ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁን ያድርጉ። እያወሩ መውጣት ካቃተዎት ወርደው ይግፉ፣ ነውር የለውም። ልብዎንስ ሐኪሙ አይቶልዎታል? ካላየ አስቀድመው ይጠይቁት።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገርዎት። የእግር መንገዱ የእኛ አይደለም፣ የገበያተኛው ነው። ከታጠፉበት የተጫነች በቅሎ ብትመጣ ቀድመው ይውረዱ። በገደሉ በኩል አይቁሙ፤ ጭነቱ ገፍቶ ይጥልዎታል። ወደ ተራራው ጠጋ ብለው ብስክሌቷን ያስደግፉና «እንደምን አደራችሁ» ይበሉ። በቅሎዋ የሰው ድምፅ ስትሰማ አትደነብርም። የእረኛ ውሻ ከመጣብዎትም ለመሮጥ አይሞክሩ፣ አይቀድሙትም። ወርደው ብስክሌቷን በእርስዎና በውሻው መሃል ያድርጓትና እረኛውን ይጥሩ።