ያን ክፍል ያጸዳሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ቤታቸው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። «ጋሼ፣ መዝገብ ቤት ረጅም ዘመን ሠርተዋል ሲባል ሰምቼ ነው። ቅድመ አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር ይላሉ። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት የት ይገኛል?» ትላለች።

ቶሎ አልመለስኩላትም። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጊዜ አላጣሁም። ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁስሌን ነካብኝ። ለሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ። ዘራችሁን የምትፈልጉ ልጆች በዝታችኋል፣ ደስ ይላል።

1973 ዓ.ም. ነው። 24 ዓመቴ ነበር፣ ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከጀርባ በኩል በሩ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት አንድ ክፍል ነበር። አለቃዬ ጠራኝና «ክፍሉ ለቢሮ ተፈልጓል፣ እስከ ዓርብ ባዶ አድርገው» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ ታታሪ ለመባል የምሮጥበት ጊዜ ነው።

በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የድሬን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ላይ የታፈነ ክፍል። ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገብ ነው። ትልልቅ፣ ጀርባቸው ቆዳ የሆነ፣ አንዱን ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ። የታችኞቹን ምስጥ በልቷቸዋል፣ የላይኞቹ ግን ደህና ነበሩ። አንዱን ገለጥኩት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተጻፈ የባቡር ሠራተኞች ደመወዝ መክፈያ ነው። ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ የሠራበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ። በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው፣ አልፎ አልፎ አማርኛ አለበት። በየስሙ ፊት ለፊት ደግሞ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጣት አሻራ። ገጹ ከላይ እስከ ታች አውራ ጣት ነው። አንዳንዱ የጣቱ መስመር ሁሉ ይቆጠራል፣ አንዳንዱ ተድበስብሷል፣ የቸኮለ ሰው ነው መሰለኝ። ትንሽ አየሁትና ዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት ጋሪ ጠራሁ። ሦስት ምልልስ ሆነ። ቀፊራ ገበያ ያለ ነጋዴ በኪሎ መዝኖ ገዛን። ዓርብ ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ወለሉን ራሴ ነኝ የጠረግኩት። አለቃዬም አመሰገነኝ።

ማታ ቤት ገባሁ። ያኔ ከአያቴ ጋር ነበር የምኖረው፣ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ከለገሃር ብዙም ሳይርቅ። (እዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሰዓት የሚያውቀው በባቡሩ ጥሩምባ ነበር። አያቴ ቡናዋን የምትጥደው ጥሩምባውን ሰምታ ነው፣ ባቡር የዘገየ ቀን ቡናውም ይዘገያል።) «ምን ስትሠራ ዋልክ? ልብስህ አቧራ ብቻ ነው» አለችኝ። የድሮ ወረቀት ስናስወጣ ዋልን አልኳት። «የማን ወረቀት?» የድሮ የባቡር ሠራተኞች አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠች።

«አያትህ በጣቱ የፈረመበት ነበራ» አለች።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ፎቶ የለውም። ከቡልጋ መጥቶ ሀዲድ ጥገና ላይ ይሠራ እንደነበር ብቻ አውቃለሁ። ያን ማታ ነው አያቴ የነገረችኝ፤ ደመወዝ የተቀበለ ቀን አውራ ጣቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ነው የሚገባው፣ ሳይታጠብ ነው ራት የሚበላው፣ እሷም በሩ ላይ መጀመሪያ የምታየው ጣቱን ነበር። ገንዘቡን ሳይሰጣት በፊት ታውቃለች።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቀፊራ ወረድኩ። ነጋዴው ግማሹን ሸጦታል። ቀሪው ላይ ልጆቹ ተቀምጠው ገጹን እየቀደዱ ለኦቾሎኒ መጠቅለያ ያጥፋሉ። ለመንኩት። ደግ ሰው ነበር፣ «ፈልግ፣ የምትፈልገውን ውሰድ» አለኝ። እስከ ቀትር ተቀምጬ አገላበጥኩ። ሰው ባለፈ ቁጥር «ምን ጠፋብህ?» ይለኛል። የአያቴን ስም ከነአባቱ ስም ፈለግኩ፣ የለም። ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰው፣ አሁንም ሌላ ሰው። ባዶ እጄን ተመለስኩ። አያቴም «ይሁን፣ አምላክ መዝግቦታል» አለች። በዓመቱ እሷም አረፈች።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ1988 ዓ.ም. የአክስቴ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ የአያቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አላወቁትም። ሀዲድ ጥገና ላይ፣ ከቡልጋ የመጣው፣ እያልኩ ሳስረዳ ድንገት ፊታቸው በራ። በሌላ ስም ጠሩት። የክርስትና ስሙ ነው። ሥራ ሲቀጠር የሰጠው እሱን ኖሯል። ባቡር ላይ ሁሉም የሚያውቀው በዚያ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ማንም በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ያን ስም ቀፊራ አይቼው ይሆን? ሳልፈው፣ ገጹን ሳገላብጥ፣ ጣቱ ከጣቴ ሥር ሆኖ? እስከ ዛሬ አላውቅም። አያቴን አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ ያበቃ ነበር፤ «ሰው ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው?» ብላት። አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ለልጅቷም ለእናንተም የምለው ይሄ ነው፤ ስም አንድ አይደለም። የዓለም ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ፣ የቤት ስም አለ፣ ፎርማኑ ያወጣለት ስም አለ። ሃይማኖት የቀየረ ሰው ስሙም ይቀየራል። የፈረንጅ ጸሐፊ ደግሞ እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ «ጨ»ን በሦስት ፊደል ያያይዛታል፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለይም። የእኛም መዝገብ ቢሆን ኃይሉን በሀ፣ በሐ፣ በኀ ሥር ፈልጉት። ወልደ ሚካኤል «ወ/ሚካኤል» ሆኖ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ሚካኤል ብቻ። እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ወንድማማች የሚገናኘው በአባት ስም ነው፣ በየትውልዱ ይለወጣል። ቀን ስታዩ ደግሞ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የምትሳሳቱት እዚያ ላይ ነው።

የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ ጊዜ አትጨርሱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ደንግጎ ነበር፣ በአገር ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቶቻችሁ እዚያ የሉም። ያሉት ሌላ ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ላይ አሉ፤ ወንድ በ40 ቀን ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ታገኙታላችሁ። የርስት ክርክር ፋይል ላይ አሉ፤ ባለርስቱ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበትና። ሐረር ጀጎል ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ የቤትና የመሬት ሽያጭ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። ከሁሉም የምወደው ግን የእድር መዝገብ ነው። የእድር ጸሐፊን የመሰለ ሰው የለም! ማን መቼ ሞተ፣ ማን የማን እህት ናት፣ ማን ለለቅሶ ቀረ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ድሬ ደግሞ የመጤ ከተማ ናት። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ወደ ሐረር መውጣት ተራራው ስላስቸገረ ጣቢያው እዚሁ ቀረ፣ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። አንዱ ከየመን፣ አንዱ ከግሪክ፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከቡልጋ ነው የመጣው። ስለዚህ ወረቀታችሁ እዚህ ባይኖር አትደንግጡ፣ መነሻው ሌላ አገር ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች ይሄን ሁሉ ፍለጋ አያስፈልጋቸውም ነበር፣ ከትንሽነታቸው የአባቶቻቸውን ስም አሥር አሥራ አምስት ድረስ በቃል ይወርዱታል። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥር ነበር፣ ለጋብቻ። አሁን ስንቶቻችሁ ከአያታችሁ አልፋችሁ ትቆጥራላችሁ? እውነቱን ልናገር፣ ታሳዝኑኛላችሁ። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብላችሁ ስልክ ትነካካላችሁ። ለዘር ምርመራ (ዲኤንኤ) ምራቁን ወደ ውጭ አገር ልኮ ስንት ፐርሰንት ምን እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ የሚከፍል ልጅ እናቱን የአያቷን ስም አይጠይቃትም።

ስልኩን አስቀምጡት ልል ነበር። ግን አይደለም፣ ስልኩን አብሩት፣ ድምፃቸውን ቅዱ። እኔ ያን ማታ ድምፅ መቅጃ ቢኖረኝ ያላደረግኩት ነገር አይኖርም። ስትጠይቁ ደግሞ ሴቶቹን አስቀድሙ። ወንዶቹ የሚነግሯችሁ የአባት ስም ነው፣ ሴቶቹ ግን ማን ማንን አገባ፣ የትኛው ልጅ ከየት መጣ የሚለውን ያውቃሉ። መዝገብ ላይ እነሱ ብዙ ጊዜ «የእገሌ ባለቤት» ተብለው ያልፋሉ፣ ከነስማቸው ያለው በልጆቻቸው አፍ ላይ ነው።

ያገኛችሁትን ፎቶ አንሱና ከየት እንዳገኛችሁት አብራችሁ ጻፉ፣ ለዘመድ ሁሉ ላኩ። አንድ ሣጥን አንድ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። የጎረቤታችን የፎቶ ሣጥንም ያን ሌሊት ሄደ። ከሰው ነፍስ ጋር አይወዳደርም። ግን የሞቱት ሰዎች ፎቶ ነበረበት።

አንቺ ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ለገሃር በር ላይ ጠብቂኝ። የከዚራውን የእድር ጸሐፊ አነጋግሬዋለሁ፣ የድሮዎቹን መዝገቦች አውጥቶ ይጠብቀናል። አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ አድርጊ። የእናትሽ አክስት በሕይወት አሉ ብለሻል። ደውዪላቸውና የቅድመ አያትሽን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ።